ያኮረፈ ሰው አይሰለፍም

ሰው በሚኖርበት ሰፈር ሁሉ፣ ማንም ሳይሾመው የተሾመ አንድ አስታራቂ አይጠፋም። ይህ ሰው ጠብ ሲያይ እንደ እኛ አያዝንም፤ ሥራ እንደተገኘለት ሰው ፊቱ ይበራል። ሶዶ ውስጥ፣ በእኛ መንደር ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ሶርሳ ናቸው።

የሥራቸው ወቅት መስከረም ነው። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ቂም ይዘው የማይሻገሩት በዓል ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጋሽ ሶርሳ ግን ያስፈጽሙታል። የመንደሩ ሰው ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ዱንጉዛውን ትከሻው ላይ አጣፍቶ፣ እየጨፈረ ወደ አደባባይ ከመውጣቱ በፊት መውጫው ላይ ቆመው የእያንዳንዱን ፊት ይመረምራሉ። «ያኮረፈ ሰው አይሰለፍም!» ይላሉ። ቀጥለውም «እጅ!» ብለው ያዛሉ። አኩራፊዎቹ እስኪጨባበጡ ድረስ ከበሮ አይመታም።

አንድ ዓመት የተጣላ ሰው ጠፋና እኔንና ባለቤቴን ሜላትን አስታረቁን።

«አልተጣላንም እኮ ጋሼ።»

«ጠዋት ሻይ ስትጠጡ አይቻችኋለሁ። አልተነጋገራችሁም።»

«ዳቦ ጎርሼ ነው።»

«እጅ!»

ተጨባበጥን። ሜላት ያን ዕለት ይቅር ያለችኝ ምን አጥፍቼ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ጋሽ ሶርሳ ለበዓሉ ከአረካ የመጡ ሁለት እንግዶቻችን ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ይከፈት አይከፈት ብለው እንደተጨቃጨቁ ሰሙ። ሰዎቹ ስም እንኳ አይተዋወቁም። ጋሽ ሶርሳ መጀመሪያ አስተዋወቋቸው፤ ከዚያ አስታረቋቸው።

ባለፈው ሰኔ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዬ አረፉ። ጋሽ ሶርሳም ከቀብር መልስ በራቸውን ዘጉ። የጊፋታ ዕለት ሰልፉ ተሰበሰበ፤ መውጫው ላይ ግን የቆመ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ወደ ቤታቸው ሄድን።

«ዘንድሮ ያለ እኔ ውጡ» አሉ ከውስጥ።

ብንለምን፣ ብንለምን፣ በሩ አልተከፈተም።

ዘዴው የጎረቤቴ የባጃጅ ነጂው የኤልሳዕ ነው። «በራቸው ላይ እንጣላ» አለኝ በሹክሹክታ። ጀመርኩ።

«ባጃጅህን ደጄ ላይ አታቁም አላልኩህም?»

«አንተስ ሰልፍ ላይ መዝፈንህን አትተውም? መንደሩን አዋረድከው እኮ!»

ይህ በውላችን ውስጥ አልነበረም።

«ማን ነው እንደዚያ ያለው?»

«ማን ያላለ አለ? ይሉኝታ ይዟቸው ነው። አምና ከቤሌ የመጡት እንግዶች ጆሯቸውን ይዘው ነው ያለፉት!»

ተናደድኩ። ስለ ባጃጁ፣ ስለ መንጃ ፈቃዱ፣ መጨረሻ ላይ ስለ አማቱ የማይባል ነገር ተናገርኩ። ኮሌታዬን ያዘ። ሰልፈኛው ትወና መስሎት አጨበጨበ።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ሶርሳ ጫማ አላደረጉም። ጢማቸው አድጓል፤ የሸሚዛቸው ቁልፍ ተዛንፎ ተቆልፏል።

«ለእኔ ብላችሁ እንደጀመራችሁት ገብቶኛል» አሉ። «ማስመሰሉን አትችሉበትም። ያስነሳኝ መጨረሻው ነው። እሱ የምራችሁን ነው።»

ኤልሳዕ ኮሌታዬን ለቀቀ። ሳንታዘዝ ተጨባበጥን።

ጋሽ ሶርሳ ወደ ውስጥ ተመለሱና ብዙ ቆዩ። እኔና ኤልሳዕ ገብተን ስናይ ዱንጉዛቸውን ይዘው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«የምታለብሰኝ ጥሩዬ ነበረች» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ከጠዋት ጀምሮ ሞከርኩት። እምቢ አለኝ።»

አስነስተናቸው ዱንጉዛውን ከሁለት ወገን ያዝነው። እኔ ከግራ ትከሻ ነው የሚጀምረው አልኩ። ኤልሳዕ ከቀኝ ነው አለ። «አንተ ምን ታውቃለህ?» አልኩት። «ከአንተማ እሻላለሁ» አለኝ። ጎተትኩ፤ ጎተተ። ውጭ ሰልፉ ይጠብቃል።

ጋሽ ሶርሳ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠብ እየሰሙ ጣልቃ አልገቡም። እንደ ሕፃን እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ተጨቃጭቀን እስክንጨርስ ቆሙልን።