በመነጽር ውስጥ ሆኜ ደጅ የተሳለምኩ ዕለት

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ «ይቺን ሴትዮ ሙቀቱ ነክቷታል» ትላላችሁ። በሉ። እኔም ብሆን እላለሁ።

ወሬው የደረሰኝ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ከቤተክርስቲያን ስወጣ ነው። ስልኬን ስከፍተው ገመቹ!

ገመቹ የሥራ ባልደረባዬ ነው። የወለጋ ልጅ፣ ጴንጤ፣ ሳይቀልድ ውሎ የማያውቅ። እዚህ አሶሳ አንዲት ትንሽ የተሃድሶ ማዕከል ውስጥ ሁለታችንም ፊዚዮቴራፒስቶች ነን።

«ሲስተር፣ እንግዶቹ ዛሬ ከሰዓት ናቸው!»

«የቶቹ እንግዶች?»

«የቪአሩ ናቸዋ! መነጽሩን ይዘው መጥተዋል። አንድ ታካሚ ሲጠቀምበት ካዩ ትተውልን ይሄዳሉ። ካላዩ ነገ ጠዋት በአውሮፕላን ይዘውት ይመለሳሉ።»

ለማታውቁት ላስረዳ። ቪአር ማለት ዓይን ላይ የሚታሰር ጥቁር ሳጥን የመሰለ መነጽር ነው። ስታደርጉት ክፍሉ ይጠፋና ሌላ ዓለም ይመጣል። ስትሮክ እጁን ያደከመበት ሰው እዚያ ዓለም ውስጥ ፍሬ ልልቀም ብሎ ሲዘረጋ፣ የሰለቸውን ልምምድ ሳያስበው ይሠራዋል።

እኔ ደግሞ ልምምድ የሰለቻቸው አንድ እናት አሉኝ።

ሐጃ ሐሊማ የመንጌ ወረዳ ሴት ናቸው። ስትሮኩ ግራ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጦባቸው ሄደ። እጁ ግን አልሞተም፤ እምላለሁ። ይቅርታ፣ አልምልም። አምናለሁ።

ችግሩ፣ የላስቲክ ኳሷን በሰጠኋቸው ቁጥር መልሰው ይሰጡኛል። «ኳስ ልጅ ነው የሚጫወት።» እንዲህ ከቀጠልን እጁ እንደ ተጣጠፈ ይቀራል። ያ መነጽር ከሐጃ ጋር የቀረኝ የመጨረሻ ሙከራ ነበር።

ከሰዓት ሆነ። የአሶሳን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው ከላይ ይጠብሳል፣ ማንጎው ሥር እንኳ ቅጠል አይነቃነቅም። መስኮቱ ላይ አስታማሚ ሁሉ ተደርድሯል፤ ስልኩን ያልደቀነ የለም።

የእንግዶቹ አለቃ ኢንጂነር ናቸው። ራሳቸው ተላጭቶ የሚያብረቀርቅ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው።

«እናት፣ ይሞክሩታል?» አሉ።

ሐጃ መነጽሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ዓይኔን ዘግቼ? ወንድ ሁሉ እያየኝ? ላ! አይሆንም።»

ልጃቸው ዘይነብ ለማባበል ጎንበስ አለች። «ጌም እኮ ነው። ፍሬ ነው የሚለቀመው።»

«ምን ፍሬ?»

«ፖም» አለ ገመቹ።

«ፖም ምን ላድርገው? ማንጎ የለም?»

የለም! የሠሩት ፈረንጆች ናቸው፤ ማንጎ ትዝ አላላቸውም።

ኢንጂነሩ ሰዓታቸውን አዩ።

«ሐጃ፣ እስቲ እኔ ልቅደም። ምንም እንደማያደርግ ያዩታል።»

እኔ እኮ ሻይ እንኳ ሳልነፋበት የማልጠጣ ሴት ነኝ! ምን ነክቶኝ እንደ ተናገርኩ እስካሁን አላውቅም።

ገመቹ መነጽሩን አሰረልኝ። ጆሮዬን ከመድፈኑ በፊት «ፖሙን ተይው ሲስተር። ላንቺ ሌላ ነገር አለኝ» ሲል ሰማሁት።

ክፍሉ ጠፋ።

ጭጋግ።

ወገኖቼ፣ ጭጋግ! እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። አሶሳ ከተመደብኩ ወዲህ ናፍቆት ሲመጣብኝ የሚመጣው በሰው መልክ አይደለም፤ በጭጋግ መልክ ነው። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ደጃፉ ላይ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ጭጋግ።

ጽዶቹ ከነጤዛቸው ቆመዋል። ጠብታዋ ከቅጠል ወደ ቅጠል ስትወርድ ትሰማኛለች። ነጭ የለበሱ ሰዎች ብቅ ይላሉ፣ መልሰው ይሟሟሉ። ሕልም ላይ እንደሚመጡ ዘመዶች ናቸው፤ ፊታቸውን ለማየት ስጠጋ ዞር ይላሉ። አንዷ በአካሄዷ እናቴን መሰለችኝ። አይደለችም። ግን መሰለችኝ።

የሰፈሬ ቤተክርስቲያን አልነበረም። ሊሆን ግን ይችል ነበር።

በረደኝ። እውነቴን ነው! ቆርቆሮ ሥር ቆሜ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ በረደኝ። ነጠላዬን ሰብሰብ አደረግኩ።

ምስሉ ራሱ ይሄዳል። ጀልባ ላይ እንዳለ ሰው ቀስ አድርጎ ይዟችሁ ይሄዳል። የድንጋዩ አጥር ቀረበ፤ ከዚያ ደጁ። የእኔም እግር አብሮ ተነሣ።

ጫማዬን አወለቅኩ።

ነጠላዬን አመሳቀልኩ።

እስቲ ፍረዱኝ! እናንተ ብትሆኑ፣ ከዚያ ሁሉ ናፍቆት በኋላ ደጁ እፊታችሁ ድረስ መጥቶ ሳትሳለሙት ታልፋላችሁ?

ጎንበስ አልኩና ሁለቱን መቃኖች በእጄ ያዝኩ። ያዝኩ ነው የምላችሁ! «ወይ ቴክኖሎጂ፣ በእጅ ሁሉ ይዳሰሳል» አልኩ በልቤ። ድንጋዩ ሞቅ ብሏል፤ የጠዋት ፀሐይ መትቶት ይሆናል። ደግሞ ልስላሴው! ትውልድ ሲስመው ኖሮ ነው አልኩ።

በቀኝ ተሳለምኩ። በግራ ተሳለምኩ። መሃሉንም ሳምኩ። ከዚያ ግንባሬን አስደግፌ ጸለይኩ፦

«አቤቱ፣ የዚህን ፊቱ የማይፈታ ሰውዬ ልቡን አራራልኝ። መነጽሩን ይተውልን። ለሐጃ ስትል።»

በሹክሹክታ የጸለይኩ መስሎኝ ነበር። ጆሮው የተደፈነ ሰው እንዴት እንደሚጮህ እናንተ ታውቃላችሁ።

ምን ያህል እንደ ቆየሁ እንጃ። ጭጋጉ በላዬ ያልፋል፣ ጠብታዋ ትወርዳለች። ማንም አይፈልገኝም፣ የትም መድረስ የለብኝም። ቤቴ ነበርኩ።

ደጁ ተነፈሰ።

ደጅ አይተነፍስም አይደል?

«ሲስተር» አለ ደጁ። «ጆሮዬን ቢለቁኝ።»

መነጽሩን ወደ ላይ ገፋሁት።

ኢንጂነሩ! እየሄድኩ ወደ ልምምድ ኳሷ ስጠጋ ጊዜ፣ እንዳልወድቅ ብለው ከእግሬ ሥር ሊያነሷት ጎንበስ ብለው ኖሯል። መቃኖቹ ጆሮዎቻቸው ናቸው። የተሳለምኩት ድንጋይ... በቃ፣ አልጨርሰውም።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መስኮቱ ሳቀ፣ ኮሪደሩ ሳቀ። ኢንጂነሩ ብቻ አልሳቁም። መሐረብ አውጥተው ራሳቸውን በጥንቃቄ ጠረጉ።

እኔ በባዶ እግሬ ሮጬ ምርኩዝ የሚቀመጥበት ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

ገመቹ ዜናውን በበሩ ቀዳዳ ነው ያቀበለኝ። «ታካሚ ሲጠቀም አላየንም ብለው አሸጉት፣ ሲስተር። ሆቴላቸው ሄዱ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ደስ ይበላት ብዬ እኮ ነው። ይቅር በይኝ።»

እዚያው ምርኩዞቹ መሃል ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ። ባምባሲ ያለች ጓደኛዬ ናት። «በቴሌግራም ያየሁሽ አንቺ ነሽ?» ልክድ አስቤ ነበር። ነጠላዬ ግን ያስታውቃል።

ቪዲዮውን ከፈትኩት። እኔና የኢንጂነሩ ራስ፣ ስክሪኑን ሞልተን፣ በዝግታ፣ ከዘፈን ጋር። ላይኩን ተዉት።

ያን ጊዜ ዘይነብ መጣች። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፤ የቱ እንደሚበልጥ አይታወቅም።

«ሲስተር፣ የእናቴን እጅ አላየሽም?»

«ምን ሆነ?»

«ጆሮውን ስትይዢው ሳቀች። እናቴ ደግሞ ወንድ ፊት አፏን ከፍታ አትስቅም፤ የምትከናነበውን ቶቧን አፏ ላይ ትስባለች። ቀኝ እጇን እኔ ጥርቅም አድርጌ ይዣታለሁ፣ አትሳቂ እያልኩ። ታዲያ ቶቡን በምን ሳበችው?»

ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

«በግራዋ» አለች።

አልተቀመጥኩም። በባዶ እግሬ ወጣሁ።

ጠንቃቃ ነኝ ብያችኋለሁ። ሳቅና ማዛጋት የደከመን እጅ ሳይታሰብ ሊያነሣ እንደሚችል ተምሬዋለሁ፤ ተአምር ነው ብዬ አልለጥፍም። እጁም ተመልሶ ጭናቸው ላይ ወርዷል። ግን መንገዱ ጨርሶ አልተዘጋም ማለት ነው። እኔ ስፈልገው የኖርኩት ይህን ነው፤ ሲመጣ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ሆኜ ሰው ስስም ነበር!

ሐጃ ማንጎው ሥር በዊልቸራቸው ተቀምጠዋል። ፀሐይዋ እየበረደች በቅጠሎቹ መሃል ታንጠባጥባለች። ሐጃ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት።

«ሲስተር፣ አንተ ዛሬ የት ሄደ?»

«አገሬ፣ ሐጃ።»

«ቆንጆ ነው?»

«ይበርዳል።»

አሰቡበት። «ለኔም መንጌን አሳየኝ። ፖም አይደለም፤ መንጌን። ያኔ ዓይኔ ይዘጋል። ወንዶቹም ይዩ፣ ኸላስ!»

ከዚያ ያለ ምንም መነጽር ዓይናቸውን ጨፈኑና ሄዱ። እኔ ምናቸውንም ሳልነካ አጠገባቸው ቆየሁ። ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። ጣቶቹ አልተንቀሳቀሱም። ግን ሕልም እያየ እንዳለ እጅ ነበር የሚመስሉት፤ ትንሽ ቢጠሩት የሚነቃ።

ገመቹ የሐጃን እጅና እሺታቸውን ሊነግር ኢንጂነሩ ጋ ደወለ። «የምታሳዩን ነገር ካለ ጠዋት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሳንወጣ አሳዩን» አሉ። የድምፃቸው ነገር... አልተፈታም።

የተለቀቁትን ቪዲዮዎች በሙሉ አየሁ። ሁሉም ተቆርጠዋል። ሁሉም እኔን ብቻ ለማጉላት የክፍሉን ግራ ጥግ ጥለውታል። ሐጃ የነበሩት ደግሞ እዚያ ነው።

ስለዚህ ዛሬ በመስኮቱ በኩል ስትቀርጹ የነበራችሁ፣ እግራችሁ ሥር ወድቄ ነው የምለምናችሁ፦ ያልተቆረጠውን ላኩልኝ፣ ዛሬውኑ። የምትተርፍ ክብር የለችኝም፣ ፊቴን አትሸፍኑት። ባዶ እግሬም ይታይ፣ ጸሎቴም ይሰማ። ሰውየው «ፊቱ የማይፈታ» ያልኳቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ይስሙት፤ ምን አደርጋለሁ! ብቻ ብርቱካናማ ቶብ የለበሱት እናት እስከ ግራ እጃቸው ድረስ ይታዩልኝ።

ዘፈኑን ግን አውጡልኝ። ጾም ነው።