ከቤት የማይወጣው ፖስተኛ

[ሰፈሩ «ሊቁ» እያለ የሚጠራው ሙሽራ በእህቱ ባል የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ላፕቶፑን ታቅፎ ተቀምጧል። ሠርጉ ቅዳሜ ነው፤ ፊቱ ግን ክረምት መስሏል።]

ሊቁ፦ ጋሼ፣ መላጊያህን አቁምልኝ! ሰጋቱራው ኪቦርዴ ውስጥ እየገባ ነው።

አናጢው፦ አንተ ራቅ በላ! መላጊያው ቀድሞህ ነው እዚህ ቤት የገባው።

ሊቁ፦ እኔ በዘመድ አዝኜ፣ አንተ እንጨት ትልጋለህ! ለሰማንያ ሰው የሠርግ ጥሪ በኢሜይል ላክሁ። አንድ እንኳ «እንኳን ደስ ያለህ» ያለኝ የለም።

አናጢው፦ አልደረሳቸው ይሆናላ።

ሊቁ፦ [ከት ብሎ ስቆ] አልደረሳቸው! ፖስተኛውን እኮ በገዛ እጄ ነው ላፕቶፑ ላይ የጫንኩት። ቅልል ያለች የኢሜይል ፕሮግራም! ገና «ላክ» ስትላት «ደርሷል» ትላለች። ኢንተርኔት እንኳ አትለምንም።

አናጢው፦ ታዲያ ደብዳቤው በየት በኩል ይወጣል?

ሊቁ፦ አይወጣም! አንተ ደግሞ ነገር ቶሎ አይገባህም። እዚያው ላፕቶፑ ውስጥ ተቀብላ፣ እዚያው ሣጥን ውስጥ ታስገባለች። ፍጥነቷ በምን ሆነና?

አናጢው፦ እሺ። አክስትህ ላፕቶፑ ውስጥ ነው እንዴ የሚኖሩት?

ሊቁ፦ ምን ማለትህ ነው? አክስቴማ...

አናጢው፦ እስቲ ሣጥኑን ክፈተው።

[ይከፍታል። ሰማንያ ደብዳቤ ተደርድሯል፤ አንዱም አልተነበበም።]

ሊቁ፦ ጉድ ፈላ! ሰማንያ ጊዜ ራሴን ነው የጠራሁት!

አናጢው፦ ትመጣለህ ታዲያ?

ሊቁ፦ አትቀልድ ጋሼ! ሦስት ቀን ነው የቀረው። የሙሽራዋ ወገን አዳራሹን ሲሞላው፣ በእኔ በኩል ወንበር ብቻ ሊቀመጥ ነው። ደግሞ በኩርፊያ አክስቴን መንገድ ላይ አይቼ ሰላም ሳልላቸው አልፌያለሁ!

አናጢው፦ [መላጊያውን አስቀምጦ] ነግረውኛል፤ እያለቀሱ። ጥሪህ እንዳልደረሰ ያኔ ነው የገባኝ። የስም ዝርዝሩን ከእህትህ ተቀብዬ፣ ከሥራ ስወጣ በየቤቱ እያንኳኳሁ ጠራሁልህ። ሁሉም ይመጣሉ።

ሊቁ፦ [ላፕቶፑን ዘግቶ] ሰማንያውንም?

አናጢው፦ ሰባ ዘጠኙን።

ሊቁ፦ አንዱ ማነው? አሁኑኑ ሮጬ ልጥራው!

አናጢው፦ ኧረ አትሩጥ፣ ፊት ለፊትህ ቆሟል። እኔን እስካሁን የጠራኝ የለም።