ትኩስ ታሪክ የሚለምን ሰው

ትኩስ ታሪክ ከሴት የሚለምን ወንድ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ምን ፈልጎ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። በደርግ ጊዜ ደሴ ታይፒስት ሳለሁ አንድ መምህር ለመድበል የሚሆን የፍትወት ታሪክ ይሰበስብ ነበር።

«ከተማ ውስጥ የሆነ ይሁን። ምንም አትደብቂ» አለኝ።

ስሜ መጽሐፍ ላይ እንዲወጣ ጓጉቼ ጻፍኩ። አንድ የደሴ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ኮምቦልቻ ወርዶ አልቤርጎ ይይዛል። ፍቅረኛው አልጋ ላይ ትጠብቀዋለች። እሱ ግን ሱሪውን ጠርዝ ከጠርዝ እየገጠመ ሲያጣጥፍ እንቅልፍ ይወስዳታል።

መምህሩ አንብቦ ሲጨርስ በዚያ በደሴ ብርድ ላብ አጠመቀው።

«ሳንሱር አያሳልፈውም» አለ።

«በጣም ጋለ እንዴ?»

«ኧረ ምኑም አልጋለም።»

«ታዲያ ሳንሱር ምን ቸገረው?»

«ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ወንድ በወሎ ምድር የለም።»

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ አትደብቂ ያለኝም እሱ፣ የደነገጠውም እሱ። ስሜ ከመድበሉ ቀረ። ወረቀቴን ግን መልሶልኛል፤ ያኔ ኮምቦልቻ ሱሪውን እንዳደረገው፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ፣ በጣቱ ተጫን ተጫን አድርጎ አጣጥፎ።