የክብርት ዘሊኻ እርሳስ አፈሳሰስ

አበሻ በተሰደደበት ከተማ ሁሉ፣ ለማንኛውም ነገር አንድ ትክክለኛ መንገድ ብቻ እንዳለ፣ እሱንም እሷ ብቻ እንደምታውቀው የምታምን አንዲት ሴት አትጠፋም። ቤይሩትም አለች፣ ዱባይም አለች ይሉኛል። የዮርዳኖሷ ከተማ የአማኗ ግን ሁሉንም ታስከነዳለች። ይህን የምለው አድንቄ እንዳይመስላችሁ፤ ቀንቼ ነው።

ስሟ ዘሊኻ ነው። እኔ በልቤ «ክብርት ወይዘሮ ዘሊኻ» እላታለሁ። ጁበይሃ ሰፈር ቤት ተከራይታ፣ በየቀኑ የተለያየ ሰው ቤት እያጸዳች ትኖራለች። የዘወትር ቃሏ «እንደሱ አይደለም» ነው። በሯን ስታንኳኩ እንኳ ከውስጥ «እንደሱ አይደለም የሚንኳኳው! ጎረቤት አለ!» የሚል ድምፅ ይቀበላችኋል። ስዌፍየህ ሰፈር ተወልዶ ያደገን የታክሲ ሹፌር በየት ዞሮ መውጣት እንዳለበት አስተምራዋለች። የሚያናድደው ትክክል መሆኗ ነው። አንዲት የስልሳ ዓመት ዮርዳኖሳዊት፣ የሩዝና የዶሮውን ድስት ትሪ ላይ ልትገለብጥ ስታነሳ እጇን ይዛ አስቁማታለች። መቅሉባ ይሉታል ምግቡን፤ ሴትየዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትገለብጠው የኖረች ናት።

«እንደሱ አይደለም፣ ሓጃ። መጀመሪያ ድስቱ ይረፍ።»

ድስቱ አረፈ። ሩዙ እንደ ግንብ ቆሞ ወጣ፤ ሓጃም አጨበጨበች ይባላል። የሚለው ማን እንደሆነ ብትጠይቁ፣ ራሷ ዘሊኻ ናት።

ይህ ሁሉ ግን ከእርሳሱ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። የሚጻፍበትን ሳይሆን ብረቱን ነው የምላችሁ። እዚህ ሀገር ዓይን ያረፈበት ሰው እርሳስ ይፈስስለታል። ታማሚው ይቀመጣል፣ ከራሱ በላይ አንሶላ ይወጠራል፣ ከአንሶላው በላይ የውሃ ሳህን ይያዛል። የቀለጠው እርሳስ ውሃው ውስጥ ሲገባ ጮኾ ይረጋል፤ ከዚያ ቅርጹ ይነበባል። ቀዳዳ ካለው ዓይን ነው። ሹል ካለው ምቀኛ ነው። ቀዳዳውም ሹሉም ከበዛ ምቀኛው የቤት ሰው ነው። ዘሊኻ ይህን ሙያ ከመጀመሪያ ማዳሟ እናት ወረሰችው። ከጎሚስታ ቤት አሮጌ የጎማ ሚዛን እርሳስ እየለቀመች፣ በአንድ እጀታው በተቃጠለ መጥበሻ እያቀለጠች፣ እነሆ የሀብታሙ ሰፈር የኻልዳ ማዳሞች ታክሲ የሚልኩላት ሊቅ ሆነች።

ዓርብ ዓርብ እሷ ቤት ስንሰበሰብ ሥራዋ ስለ አፈሳሰስ ማስተማር ነው።

«በጭልፋ እየቀነሱ የሚያፈስሱ አሉ» ትላለች፣ ስለ ሌባ እንደምታወራ ሁሉ። «ወጥ ነው እንዴ? ግማሹ ጭልፋው ላይ ይረጋል። ደግሞ መጥበሻውን ዝቅ አድርገው፣ ለብ ባለ ውሃ ላይ ቀስ እያሉ የሚያንቆረቁሩ አሉ። እንደሱ አይደለም! እርሳሱ እንደ ድንች ልሙጥ ሆኖ ይወጣል፤ አንድ ቃል አይናገርም። ከፍ አድርገሽ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ በረዶ ውሃ ላይ! ያኔ ሁሉንም ይለፈልፋል።»

«እኔ በጌታ ስም የምፈራው ጭሱን ነው» ትላለች ቆንጂት፣ የቢሮ ጽዳት የምትሠራው ጴንጤ ጓደኛችን። «መስኮት ክፈቱ።»

«መስኮትም እንደሱ አይደለም የሚከፈተው።»

እኔ ጥግ ተቀምጬ እቀናለሁ። አባቴ ኮምቦልቻ ላይ የመኪና ባትሪ ጠጋኝ ነበር። እርሳስ ሲቀልጥ ፊቱ ላይ የሚንሳፈፈውን ግራጫ ቆዳ፣ አባቴ በማንኪያ ገፋ ሲያደርገው ከሥሩ የሚወጣውን መስታወት፣ ዘሊኻን ከማወቄ ሠላሳ ዓመት በፊት አውቀዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አራት ዓመት ታሪክ ተምሬአለሁ። አማን ውስጥ ግን ሰው ምክር የሚፈልገኝ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ሲቆም ነው። ማዳሜ እሙ ራሚ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሜን «ደማቀች» ማለት ከብዷት «ዲማ» ስትለኝ ኖራለች። ዘሊኻን ገና ባየቻት ቀን «ሲት ዘሊኻ» አለቻት። ሲት! ወይዘሮ! እንደ ሐኪም ሚስት!

ታዲያ በምቀናበት ሰው እጅ መውደቅ አይቀርም፤ ወደቅሁ።

የማዳም ልጅ ሊን ዘንድሮ ተውጂሂ ተፈታኝ ናት። ተውጂሂ ማለት አገሩ በሙሉ ትንፋሹን የሚይዝበት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነው። አንድ ከሰዓት አክስቷ ሱሃ ተቀምጣ ሳለ፣ ሊን ከታሪክ መጽሐፏ አንድ ሙሉ ገጽ በቃሏ ወጣችው። ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር። ያንን ጠረጴዛ፣ በቀለም የተሰመረበትን ገጽ፣ የልጅቷን ፊት አየሁና አፌ አመለጠኝ፤

«ይህች ልጅ ጭንቅላቷ ካሜራ ነው!»

ከዓይን የሚጠብቀውን ማሻአላህ አላልኩም። የሱሃ ሲኒ አየር ላይ ቆመ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሕፃን ሳይ ማሻአላህ፣ ፀጉር ሳይ ማሻአላህ፣ መጋረጃ ሳይ እንኳ ማሻአላህ ያልኩ ሴት ነኝ። ያን ቀን የረሳሁት ለምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከልቤ ቀንቼ ነው።

በሁለተኛው ቀን ሊን አስመለሳት፤ ራሴን አለች፤ መጽሐፍ መግለጥ አቃታት። ፈተናው ስድስት ቀን ቀርቶታል። ሱሃ እኔ ሰሃን እያጠብኩ፣ እንድሰማ አድርጋ ለእህቷ ተናገረች፤

«ዓይን ከሩቅ አይመጣም፣ እኅቴ። ሻይ ይዞ ነው የሚገባው። እርሳስ ይፍሰስ። የቤት ሰው ነው ካለ፣ ኻላስ፣ ወደ መክተብ ትመለስ።»

ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በማዳም ስም ነው። መክተቡ፣ ሠራተኛ አስቀጣሪው ኤጀንሲ፣ የሚሰድደኝ ወደ ኮምቦልቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ አባቴም የለም፣ ቤቱም የለም። ማዳም ስልኳን አንስታ የዘሊኻን ቁጥር መፈለግ ጀመረች። ዘጠኝ ዓመት ቤቷን የያዝኩላት ሴት ይህን ማድረጓ ከሱሃ ንግግር በላይ ጎዳኝ።

ታክሲ ተላከ። ክብርት ዘሊኻ መጥበሻዋን በፌስታል ይዛ ደረሰች። እኔን በዓይኗ ብቻ ሰላም አለችኝ። ሱሃ ጫማዋን እንኳ ሳታስወልቃት ጀመረች።

«ሲት ዘሊኻ፣ ዓይኑ ከዚሁ ቤት ነው። ቅርጹን በደንብ አንብቢልን።» አገጯ ወደ እኔ ዞረ።

ሊን ተቀመጠች። ማዳምና ሱሃ አንሶላውን ወጠሩ። ሳህኑን እንድይዝ የታዘዝኩት እኔ ነኝ፤ በረዶ የተጨመረበት ውሃ ነው። በረዶው ከሳህኑ ጠርዝ ጋር ቀጭ ቀጭ ይላል። እርሳሱ ሲቀልጥ በሕይወቴ ጸልዬ የማላውቀውን ጸሎት ጸለይኩ፤ ድምፁ ግን የበረዶው ነበር።

ዘሊኻ መጥበሻውን ይዛ መጣች። ሳህኑን አየች። እጄን አየች። ከዚያ ቀና ብላ ፊቴን አየች፤ እርሳስ ሳይፈስስ ሙሉ ታሪኩን ከዚያ እንዳነበበች ገባኝ። ከሷ የሚደበቅ ነገር የለም፤ ቅናቴም ቢሆን።

«ይህ ውሃ አይሆንም» አለች። «ለብ ያለ አምጪ።»

«ባለፈው እኔ ቤት በበረዶ ነበር ያደረግሽው!» አለች ሱሃ።

«እሱ ለትልቅ ሰው ነው፣ ሲት ሱሃ። ተማሪ በበረዶ አይሆንም።»

ውሃውን ቀየርኩ። እርሳሱ በድጋሚ ሞቀ። ዘሊኻ መጥበሻውን አወረደች፣ አወረደች፣ ከንፈሩ ውሃውን ሊነካ እስኪደርስ አወረደች። ከዚያ ሕፃን ወተት እንደሚያጠጣ ሰው፣ በሳህኑ ጠርዝ በኩል ቀስ እያለች አንቆረቆረችው። ጩኸት የለም። ሹክሹክታ ብቻ። ዓርብ ዓርብ የምታወግዘውን ሁሉ፣ አንዱንም ሳታስቀር፣ በሰው ፊት አደረገችው።

የወጣው እርሳስ ልሙጥ ነበር። ቀዳዳ የለው፣ ሹል የለው። ሱሃ ተቀብላ አገላበጠችው፣ ወደ መስኮት ወስዳ አየችው።

«ምንም የለበትም እኮ!»

«የለበትማ። ዓይን አይደለም። ልጅቷ ቁርስ ከበላች ስንት ቀኗ ነው? ስልኳን ተቀበሏት፣ የምስር ሾርባ ስጧት፣ ተኝታ ትነሳ።»

ሊን ሾርባውን ጠጥታ እስከ ማግስቱ ተኛች። ፈተናዋንም ተፈተነች። ማዳም ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤት ገብታ፣ ያለ ምንም ምክንያት ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ወጣች።

ያን ዕለት ዘሊኻን እስከ በሩ ስሸኛት ጠየቅኋት።

«ለምን ዝቅ አድርገሽ አፈሰስሽ?»

«እኔ? እንዴት ነው ያፈሰስኩት?» አለች፣ ጨርሶ እንዳልገባት። «ይልቅ መልክሽ ጠፍቷል፣ ደማቅዬ። አንቺም ከዚያ ሾርባ ጠጪ።»

ሱሃ ግን ዝም አላለችም። የዘሊኻ እጅ ደክሟል፣ እርሳሷ ድዳ ሆኗል ብላ ኻልዳን አዳረሰችው። ታክሲው ሁለት ሳምንት ቀረ፤ ከዚያ ወር ሞላው። ባለፈው ዓርብ ስንሰበሰብ ቆንጂት፣ የሆነውን ስለማታውቅ፣ ነካ አደረገቻት።

«ምነው ዘሊኻ፣ ማዳሞችሽ ረሱሽ እንዴ?»

ዘሊኻ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም። ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቀደመችኝ።

«ሰዉ ሁሉ ድኗላ» አለች። «አልሐምዱሊላህ።»

እኔ አልዳንኩም። አሁን ደግሞ ይህን ሁሉ አድርጋ ዝም ማለት በመቻሏ ቀንቼባታለሁ።