አክተር አይሞትም

ፊልም ስናይ የነበርነው ጋሽ ታደሰ፣ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ፣ ልጃቸው ሊያ፣ ታሚልኛ የሚናገረው ህንዳዊ ጎረቤታቸው ኩማርና እኔ ነን፤ ቤቱ ባሕር ማዶ፣ ስካርቦሮ ነው።

የህንድ ፊልም በልምድ ብቻ የሚተረጉም ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጋሽ ታደሰ በልጅነታቸው ባዩት የሂንዲ ፊልም ተማምነው፣ ከሥር የሚሄደውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አስጠፍተው፣ ቋንቋው ከሂንዲ ጋር የማይገናኘውን የታሚሎችን የወንበዴ ፊልም ይተረጉሙልናል። የቋንቋው ባለቤት ኩማር አጠገባቸው ተቀምጧል።

«አክተሩ፣ ይሄ የወንበዴ አለቃ፣ የአምላክ ልጅ ነው። አክተር ደግሞ አይሞትም፤ ከሞተ ሁለተኛ አልተረጉምም!» ብለው ማሉ።

አክተሩ ሞተ። ሞቶም አልቀረ፣ እንጨት ተከምሮ ተቃጠለ። እትዬ አልማዝ አማተቡ።

«አባዬ፣ በርን አደረጉት እኮ፣ አቃጠሉት!» አለች ሊያ።

«እሳት የአምላክን ልጅ ምን ያደርገዋል? ጠብቂ!»

ጠበቅን። የተዋንያኑ ስም አልፎ አለቀ፤ ቴሌቪዥኑን ለማጥፋት የደፈረ የለም። ሞቷል ካልን በመሐላቸው መሠረት መተርጎማቸው ይቀራል፤ ያለ እሳቸው ትርጉም ደግሞ ምን ፊልም አለ? በመጨረሻ ጋሽ ታደሰ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ኩማር፣ አይነሳም እንዴ?» ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁት።

ኩማር ጉሮሮውን ጠረገ። «በክፍል ሁለት ይነሳል፣ ጋሼ።»

ይህን ሲል ፈገግ ብሎ ነበር? እኔ የጋሽ ታደሰን ፊት እያየሁ አመለጠኝ። እዚያ የነበራችሁ ጨምሩበት።