ዋስ ያጣው ጀሪካን

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ መካነ ሰላም አጠገብ ባለ ቀበሌ አንድ ባዶ የአረም ማጥፊያ ጀሪካን ተከሶ ሽማግሌዎች ፊት ቀረበ።

በሚሸጠው ዕቃ እየማለ ዋስ ሁን ሲሉት የሚሸሽ ነጋዴ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አቶ ደምሰው ገጥመውኛል። ከእሳቸው በገዛው አረም ማጥፊያ ስንዴውን ለዓመታት ሲረጭ ኖሮ ካንሰር የያዘው ገበሬ አያሌው መጀመሪያ የከሰሰው እሳቸውን ነበር፤ የሚፈልገውም ለሕክምናው እንዲረዱት ነው።

«እኔ ሻጭ ነኝ፤ ጎዳኝ የምትለው እሱ ነው» ብለው ወደ ጀሪካኑ ጠቆሙ።

አምራቹ ባሕር ማዶ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ተከሳሽ በሌለበት አይፈርዱም። ስለዚህ በአምራቹ ፈንታ ጀሪካኑን ተከሳሽ አድርገው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት።

«ዋስ ጥራ» አሉት ሰብሳቢው ቄስ።



«አቶ ደምሰው ይሁኑለት እንጂ» አለ አያሌው። «ሲሸጡልኝ ‹አብሽር፣ ሰው አይነካም› ይሉኝ አልነበር?»

«እሱ ለገበያ ነው፤ ለዋስትና ከሆነ ጠባዩን አላውቅም።»

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ጀሪካኑ ዋስ እስኪያገኝ በቄሱ ጎተራ እንዲታሰር ተወሰነ።

አቶ ደምሰው ከቀትር በፊት ሱቃቸውን ከፈቱ። አያሌው በማግስቱ ወደ ደሴ ሐኪም ቤት ብቻውን ተሳፈረ።