ኬላ ላይ የተፈተሸው አኮርዲዮን

ስለ ሀገር ባህል የሙዚቃ መሣሪያ ማንንም ብትጠይቁ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥርላችኋል። ክራር ይላል፣ ማሲንቆ ይላል፣ ዋሽንት ይላል፣ ከበሮን ይጨምርና ያበቃል። አኮርዲዮን የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። እሱ እንግዳ ነው ይሏችኋል፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ፈረንጅ። ይሁን፣ ፈረንጅ ነው። ግን እናንተዬ፣ በእኔ ዕድሜ በአርሲ ከተሞች ላደገ ሰው የትኛው ሰርግ፣ የትኛው የቀበሌ ኪነት፣ የትኛው የመዘምራን ቡድን ያለ እሱ ደምቆ ያውቃል? ዘፈናችንን ከአፋችን እየተቀበለ፣ ሆዱን እየነፋና እያጎደለ፣ ስንት ዘመን አብሮን ኖረ። በኋላ ኪቦርድ መጣ፤ ቀላል፣ ቀጭን፣ ከበሮውንም ብቻውን የሚመታ። አኮርዲዮን አልጋ ሥር ገባ። የሸኘውም የለም።

እኔም ረስቼው ነበር። ባለፈው ኅዳር ከኢተያ ወደ አሰላ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ።

የወንድሜ ኮምባይነር አጨዳ መሃል ቆሞበት፣ ኩሽኔታ ልገዛለት ነበር የምሄደው። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ በገመድ የታሰረ ትልቅ ጥቁር ሳጥን አቅፈዋል። ረዳቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ሊጭነው ቢታገላቸው፣ «እሱን ከጫንክ እኔንም አብረህ ጫነኝ» ብለው ድርቅ አሉ። ረዳቱ ሲያስበው ሳጥኑን ማስገባት ሳይሻለው አልቀረም። ግማሹ በእሳቸው፣ ግማሹ በእኔ ጉልበት ላይ አረፈ።

ጋሽ ደበሌ ይባላሉ። ጆሯቸው ስለከበደ ወሬያችንን ሚኒባሱ በሙሉ ሰማው። በወጣትነታቸው በኪነት ቡድን ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወቱ ነበር። ኋላ ጌታን ተቀብለው፣ እዚያው ኢተያ የቤተ ክርስቲያናቸውን መዘምራን በዚሁ ሳጥን ሲያጅቡ ኖሩ። አሁን የሚሄዱት ከድር የሚባሉ የኪነት ጓደኛቸው ዘንድ ነው። የቡድኑ ዘፋኝ ከድር ነበሩ። ሐኪሞቹ ቤተሰቡን «ወደ ቤት ውሰዷቸው» ብለዋል። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

«ሳጥኑን ይዘህልኝ ና ብሎኛል» አሉኝ ጋሽ ደበሌ። «ዛሬ ካልደረስኩ አልደርስም።»

በዚያ ሰሞን መንገዱ ላይ ፍተሻ ጠብቆ ነበር። ለምን እንደጠበቀ እኛ አልጠየቅንም፤ እናንተም አትጠይቁኝ። ኬላው ጋ ስንደርስ ሁላችንም እንድንወርድ፣ ዕቃችንንም አስፋልቱ ዳር እንድንደረድር ታዘዝን። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይቆርጣል። ጋሽ ደበሌ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው፣ ከሰው ራቅ ብለው የስንዴውን ማሳ ያያሉ።

«ይሄ የማነው?» አለ ጎረምሳው ፈታሽ ሳጥኑን በእግሩ ነካ አድርጎ።

«የእኚያ አባት ነው» አልኩ።

ፈታሹ ገመዱን ይዞ ብድግ ሲያደርገው፣ ውስጡ ያለው ነገር ረጅምና ወፍራም ድምፅ አወጣ። እንዴት ልንገራችሁ፣ የታመመ ጥጃ የሚያቃስት ይመስላል። ጎረምሳው ሳጥኑን ወርውሮ ወደ ኋላ ዘለለ። ጠመንጃው ከትከሻው መቼ እንደወረደ አላየሁም።

«ወደ ኋላ! ሁላችሁም ወደ ኋላ!»

ሰው ተበተነ። ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ቦዩ ውስጥ ወደቁ። ጩኸቱን ያልሰሙት ጋሽ ደበሌ ብቻ ናቸው። ዞር ሲሉ ያ የዕድሜ ልክ ሳጥናቸው አስፋልት ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ቀጥ ብለው ወደ እሱ መራመድ ጀመሩ።

«ቁም!» አለ ፈታሹ። ቀጥሎም በኦሮምኛ፣ «ዻበዹ!»

ጋሽ ደበሌ ይራመዳሉ። አፈሙዙ ደረታቸውን እየተከተለ ነው። የልጁ ጣት ምላጩ ላይ ነው። ባለኝ ጉልበት ጮህኩ።

«አይሰሙም! ጆሯቸው አይሰማም!»

ሁለት እጄን ሽቅብ ሰቅዬ ወደ እሳቸው ስሄድ ራሴን አገኘሁት። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ እግሬ ሳያማክረኝ ነው የሄደው። ከድንኳኑ ውስጥ ሪዛቸው የሸበተ አለቃ ብቅ ብለው «ተው! አውርደው!» ብለው ባይጮሁ ኖሮ፣ ይህን ወግ ሌላ ሰው በጻፈላችሁ።

ጋሽ ደበሌ ይህን ሁሉ አላዩም። አስፋልቱ ላይ ተንበርክከው ገመዱን እየፈቱ ነው። መሣሪያውን አውጥተው ወደ ደረታቸው ሲያስጠጉት፣ ሁሉም አንገቱን አሰገገ።

«ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ?» አሉ አለቃው።

«አኮርዲዮን» አልኩ።

ቃሉ ለፈታሾቹ ምንም አላለም። በአንድ ጎኑ ነጫጭ ቁልፎች፣ በሌላው ጎኑ በረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ ጥቁር ቁልፎች። አንድ ተማሪ፣ ዝም ማለት ሲችል፣ «የራዲዮ መገናኛ ይመስላል» አለ። ሁላችንም በአንድ ላይ ዞረን በዓይናችን በላነው።

«ሙዚቃ ከሆነ ይጫወቱት» አሉ አለቃው።

ጭንቀቱ አለፈ ያላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ ለእኔ ገና መጀመሩ ነው። በእኛ ዘመን ዘፈን ዘፈን ብቻ አይደለም። በየትኛው ቋንቋ፣ የየትኛው ወገን፣ የየትኛው ዘመን ነው ተብሎ ይመረመራል። እኚህ ሰው ደግሞ በኪነት ጊዜ የለመዱትን አንዱን ሰልፍ ማሳመሪያ ቢያስነሱትስ? ጆሯቸው ሥር ጎንበስ አልኩ።

«ጋሽዬ፣ ዘፈኑን መርጠው ይጫወቱ!»

በሹክሹክታ መሆኑ ነበር። ኬላው በሙሉ ሰማኝ።

ጋሽ ደበሌ ጣታቸውን እፍ እፍ እያሉ አሞቁ። የመጀመሪያው ድምፅ ሲጥ ብሎ ተሰበረ፣ ጎረምሳው ፈታሽ እንደገና ደነገጠ። ከዚያ ዜማው መጣ። ዝግ ያለ ነው፤ ይወጣና ሊወርድ ሲል ትንሽ ያመነታል። እኔ ዓይኔን ከአለቃው ፊት ላይ አልነቀልኩም። ፊታቸው እንደ ድንጋይ ነው። ቆይቶ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ይሄ የእናቴ ነው» አሉ። «ስንዴ ሲታጨድ ትዘፍነው ነበር።»

ቦይ የወደቁት እናት አቧራቸውን እያራገፉ፣ «የምን አጨዳ! የእኛ ቤት ሙሽራ ሲሸኝ የሚዘፈነው ነው እንጂ!» አሉ። መጽሐፍ ቅዱስ የያዘች ልጅ ደግሞ፣ «እኛ እኮ በየእሁዱ የምንዘምረው መዝሙር ነው» አለች። ይሄኔ ክርክር ተነሳ። ከትንሽ ጊዜ በፊት ቦይ ለቦይ የተሸሸገ ሕዝብ፣ አፈሙዝ ፊት ቆሞ «የእኛ ነው፣ የእናንተ አይደለም» እየተባባለ ተፋጠጠ። አለቃው እጃቸውን አነሱ።

«በቃ! መኪናው ውስጥ ተጣሉ። ሂዱ።»

ጎረምሳው ፈታሽ ሳጥኑን ራሱ ተሸክሞ አስገባው። ፊቱን አልቦታል፣ በዚያ ብርድ። «አባ፣ ይቅርታ» አላቸው። ጋሽ ደበሌ አልሰሙትም፤ እኔ ተቀብዬ ነገርኳቸው። «ምን አደረገኝና?» አሉኝ። ያደረገውን አልነገርኳቸውም።

አሰላ ስንደርስ ሳጥኑ ከበዳቸው። ኩሽኔታው ይቆይ ብዬ ሳጥኑን ተሸክሜ በባጃጅ ከድር ቤት አደረስኳቸው። በር የከፈተችልን ልጃቸው ናት፤ ዓይኗ አብጧል።

«አለ?» አሉ ጋሽ ደበሌ።

«አሉ። ቀኑን ሙሉ በሩን እያዩ ነው» አለችና ውኃ ልታሞቅ ወደ ጓዳ ሄደች።

ጋሽ ከድር መስኮቱ ሥር ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከሰውነታቸው የቀረው ዓይን ነው። «ምን አስቆየህ?» አሉ። ጋሽ ደበሌ አኮርዲዮኑን አንስተው ያንኑ ዜማ ጀመሩ። ሲጨርሱ እኔ የኬላውን ጉድ ተረኩ። ያ ሁሉ ሰው በእናቴ፣ በሙሽራዬ፣ በመዝሙሬ ሲካሰስ፣ እውነት ዜማው የማነው አልኩ።

ጋሽ ከድር እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ዲክሲስ ላይ ከአንዲት ባልቴት የተቀበልነው የአጨዳ ዘፈን ነው። ግን እንዲህ አልነበረም። አንዲት ድምፅ አለችው፣ በሁለት ቁልፍ መሃል የምትቀር። ይሄ ሳጥን ውስጥ የለችም። ይሄ ሰውዬ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣት፣ እኔ ድምፄን ወደ ሳጥኑ አመጣሁት። ሰውም ከእኛ እየሰማ፣ ሳጥኑ እንዳለው ዘፈነ። ሰርገኛውም፣ መዘምራኑም።»

«ምን አለ?» አሉኝ ጋሽ ደበሌ። ጆሯቸው ላይ ጮሄ ደገምኩላቸው። አንገታቸውን ደፉ።

«አሁንማ ባልቴቷ እንዳለችው ልበላት» አሉ ጋሽ ከድር። «አጅበኝ።»

ዘፈኑ። ድምፃቸው ከነፋስ አይበልጥም። ጋሽ ደበሌ ዓይናቸውን ከጓደኛቸው ከንፈር ሳያነሱ ቀስ ብለው ተከተሉ። ዜማው ወጣ፣ ሊወርድ ሲል ያቺ ቦታ ደረሰች መሰለኝ፣ ጋሽ ደበሌ ጣቶቻቸውን ከቁልፎቹ ላይ አነሱ። አኮርዲዮኑ ዝም አለ። ከድር ብቻቸውን አለፉባት። ከዚያ ጣቶቹ ተመለሱ፤ ዘፈኑም አለቀ። የታመመው ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ እንዳሉ ቀሩ። ደንግጬ ደረታቸውን አየሁ፤ ይተነፍሳሉ።

ውጭ በረንዳው ላይ ጋሽ ደበሌ እጄን ጨበጡኝ።

«አገኛት?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ፤ አልሰሟትም። ጋሽ ከድር ሌላ ጊዜ አልደገሟትም፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ያቺን ድምፅ የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው፤ እኔ፣ የትምህርት ቤት መዘምራን አስተማሪ «አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» ያሉኝ ሰውዬ።

«አገኟት፣ ጋሽዬ!» ብዬ ጮህኩ።